ሪሲቨሬ የአራት መንግሥት ሳተላይት በአንዴ ይሰማል፤ ማን አስማማቸው?

ጉልላት_ቀያሽ፦
ሰላም ለቤቱ። ሥራዬ ቅየሳ ነው። አሁን ምሥራቅ ጎጃም ነኝ፤ የገበሬ ማሳ እንለካለን። ባለፈው ወር ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ቦታ የሚለካ አዲስ ሪሲቨር ተሰጠን። አሮጌው የሚሰማው ጂፒኤስ ብቻ ነበር። ስምንት ዘጠኝ ሳተላይት ከያዘ ቀናን እንል ነበር። አዲሱን አንድ ባሕር ዛፍ አጠገብ ተክዬ ስከፍተው 34 አሳየኝ። የአሜሪካው ጂፒኤስ፣ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ፣ የቻይናው ቤይዱ። ሁሉም በአንድ ስክሪን።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። እነዚህ መንግሥታት በዜና ስንሰማቸው ዓይንህን ላፈር የሚባባሉ ናቸው። ታዲያ ለአንድ የጤፍ ማሳ ጥግ አራቱም እንዴት ተባበሩልኝ? የተፈራረሙት ነገር አለ? ወይስ አስታራቂው የሪሲቨሩ ሠሪ ነው?

ሌላም ትንሽ ነገር አለችኝ። ከመሸ በኋላ ስለካ ፊክሱ (በሴንቲሜትር የጠራው ልኬት) ይጠፋና ፍሎት (ግምታዊው ልኬት) ላይ ይቀርብኛል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሳተላይቱም የሞላ። ምን ሆኖ ነው?

ሸገር_ሹፌር፦
እኔም ይህን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ድሮ ቦሌ ፎቆቹ መሐል ስገባ ስልኬ ማዶ ያለው መንገድ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ተሳፋሪው ደውሎ ይቆጣኛል፣ እኔ ስልኩን እቆጣለሁ። ስልክ ከቀየርኩ ወዲህ ግን ቀርቷል ማለት ይቻላል። የአፑ ጉብዝና መስሎኝ ነበር።

ማርታ_ዘሙኒክ፦
ሙያዬ የሬዲዮ ምልክት ስለሆነ ይህን ጥያቄ አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ደግሞም ከምኖርበት ብዙም ሳይርቅ ኦበርፋፈንሆፈን የሚባል ቦታ አለ። ጋሊሊዮን ከሚቆጣጠሩት ሁለት ማዕከላት አንዱ እዚያ ነው፤ ሌላው ጣሊያን፣ ፉቺኖ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ጉልላት፣ ሪሲቨሩም ያስታርቃል፣ ውልም አለ። ውሉ ግን በፍቅር የመጣ እንዳይመስልህ።

ጋሊሊዮ ሁለት ዓይነት ምልክት ይልካል። አንዱ ለማንም ክፍት ነው፤ አንተ የምትሰማው እሱን ነው። ሌላው የተመሰጠረ ነው፤ ለፖሊስ፣ ለድንበር ጠባቂና ለመሳሰሉት የመንግሥት አካላት ብቻ። አውሮፓውያኑ ይህን የተመሰጠረውን ሊያስቀምጡ ያሰቡት የአሜሪካ ጦር ለአዲሱ ወታደራዊ ምልክቱ ባዘጋጀው የድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ቦታ ላይ ነበር። አሜሪካኖቹ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ጦርነት ቢነሳ እዚያ አካባቢ ሌላውን ምልክት ሁሉ አፍነው የራሳቸውን ብቻ መስማት ይፈልጋሉ። የጋሊሊዮው እላያቸው ላይ ከተኛ ግን እሱን ሲያፍኑ የራሳቸውንም ማፈናቸው ነው። በዲሴምበር 2001 ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ለአውሮፓ መከላከያ ሚኒስትሮች ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ጻፉ። አንዳንድ አውሮፓዊ ደግሞ ደብዳቤውን ሲያይ እንዲያውም የራሳችን ሳተላይት ያስፈልገናል ማለት ነው አለ።

ክርክሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ በጁን 2004 አየርላንድ ውስጥ፣ ድሮሞላንድ በሚባል ጥንታዊ ግንብ ተፈራረሙ። አውሮፓ የተመሰጠረውን ምልክት ቅርፅ ቀይራ ከአሜሪካው ላይ አነሳች። ለሲቪሉ ግን ሁለቱም 1575.42 ሜጋኸርዝን መሐል አድርገው ተመሳሳይ ምልክት ለመላክ ተስማሙ። በ2007 ቅርፁን እንደገና አብረው አሻሻሉት። አሜሪካ ይህን አዲስ ምልክት የጫነችው ጂፒኤስ ሦስት በሚባሉት ሳተላይቶቿ ላይ ነው። የመጀመሪያው የመጠቀው በዲሴምበር 2018 ነው። ከፊርማው አሥራ አራት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። ሰማይ ላይ ነገር ቀስ ይላል።

ለአንተ ዋናው ጥቅም ምን መሰለህ? ሪሲቨርህ የሁለቱን በአንድ አንቴናና በአንድ ዓይነት ሬዲዮ መስማት ቻለ። ረከሰ። ስልክም ውስጥ ገባ።

ሸገር_ሹፌር፦
እና እኔ ቦሌ ላይ ተሳፋሪዬን የማገኘው አየርላንድ ውስጥ በተፈረመ ውል ነው ማለት ነው? ኧረ ጉድ!

ማርታ_ዘሙኒክ፦
በከፊል አዎ። ፎቅ መሐል ስትቆም የሚታይህ ሰማይ ቀጭን መቀነት ብቻ ነው። ቦታህን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል። በዚያ መቀነት ውስጥ የጂፒኤስ ሁለት ወይ ሦስት ቢገኝ ነው። የአራቱም ሲደመር ግን አሥር ሊሞላ ይችላል። ፎቁን ነክቶ የሚመለሰው ምልክት አሁንም ያሳስታል፤ ግን ስልኩ የሚመርጠው ስላለው ውሸታሙን መጣል ይችላል።

ነገረ_ፈላጊ፦
እህቴ ማርታ፣ አተራረክሽ ጥሩ ነው፤ "ትብብር" የምትለዋ ግን ትንሽ ትቆረቁረኛለች። የቻይናን ታሪክ ለምን ዘለልሽው? አውሮፓ በ2003 ቻይናን ለጋሊሊዮ አጋር አድርጋ ተቀብላ ነበር። ቻይናም 200 ሚሊዮን ዩሮ ላዋጣ ብላ ቃል ገባች። ቤጂንግ ላይ የጋራ ማሠልጠኛ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ከዚያስ? ቻይናውያኑ ዋና ዋናው ውሳኔ ላይ አታስገቡንም፣ የተመሰጠረውንም አናይም ማለት ነው አሉ። የራሳቸውን ቤይዱን ዓለም አቀፍ አድርገው ሠሩ። በጁን 2020 የመጨረሻዋን ሳተላይት አመጠቁ። ጋሊሊዮ ያኔ ገና አልተሟላም ነበር። ይህ ትብብር ከሆነ የእኔና የቀድሞ ባለቤቴም ትዳር ነበር።

ማርታ_ዘሙኒክ፦
ሃሃ፣ ተይዣለሁ። የቻይናው ታሪክ እውነት ነው። እንዲያውም አንድ ልጨምርልህ። ድግግሞሽ የሚመዘገበው ጄኔቫ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የቴሌኮም ኅብረት ነው። ሕጉ በግርድፉ ሲታይ የወንበር ሕግ ነው፤ አስመዝግበህ በጊዜው መጥተህ ካልተቀመጥክበት ታጣዋለህ። የአውሮፓ ቀነ ገደብ 2006 አጋማሽ ላይ ነበር፤ ዋናዎቹ ሳተላይቶች ግን የሉም። ምን አደረጉ? አንዲት ትንሽ የሙከራ ሳተላይት በጥድፊያ ሠርተው በዲሴምበር 2005 መጨረሻ በሩሲያ ሶዩዝ ሮኬት ከባይኮኑር አስወነጨፉ። ዋና ሥራዋ ሰማይ ላይ ሆና ድምፅ ማሰማትና ወንበሩን መያዝ ነበር። ቻይናም በ2007 የራሷን አመጠቀች። ከዚያ የቻይና የተመሰጠረ ምልክት በአውሮፓው ላይ ተኝቶ ተገኘ። አሜሪካ አውሮፓን የከሰሰችበት ነገር፣ አሁን አውሮፓ ቻይናን የምትከስበት ሆነ። ይህን ስሰማ ለብቻዬ ነው የሳቅሁት።

ግን ነገረ ፈላጊ፣ አንድ ነገር ልይዝብህ። ቻይና ለብቻዋ ስትወጣም አዲሱን የሲቪል ምልክቷን ያስቀመጠችው የት ነው? እዚያው 1575.42 ላይ ነው። ማንም አላስገደዳትም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ብቻህን ሌላ ቦታ ብትሄድ ቺፕ ሠሪው ትቶህ ያልፋል። ስልክ ውስጥ መግባት የፈለገ ሁሉ እዚያች ሰፈር መጥቶ ቤት ይሠራል። እኔ ትብብር የምለው ይህን ነው። ፍቅር አላልኩም።

ደግሞ የእውነት የተባበሩበትም አለ። በ1979 በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ ኮስፓስ-ሳርሳት የሚባል የነፍስ አድን ሥርዓት ለማቆም ተስማሙ። በሴፕቴምበር 1982 ካናዳ ጫካ ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደቀች። የድረሱልኝ ምልክቷን የሰማው የሶቪየት ሳተላይት ነው፤ ሦስት ሰዎች ተረፉ። ዛሬ ጋሊሊዮም የዚህ ሥርዓት አካል ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ለተጎጂው "ሰምተንሃል" የሚል መልስ ይልካል።

ነገረ_ፈላጊ፦
ይሁን፤ ያቺኛዋን ተቀብያለሁ።

አቤል_22፦
በነገራችን ላይ ጂፒኤስ ለሲቪል የተፈቀደው ሶቪየቶች የኮሪያን አውሮፕላን ስለመቱ ነው አይደል? ዩቲዩብ ላይ ያየሁት እንደዚያ ነው።

ፊዚክስ_ባሕርዳር፦
አቤል፣ ግማሹ ልክ ነው። በሴፕቴምበር 1983 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 መንገድ ስቶ ሶቪየት ክልል ገባ፤ ተመትቶ 269 ሰው አለቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሬገን መንግሥት ጂፒኤስ ሲያልቅ ለዓለም ሲቪል በረራ ክፍት ይሆናል አለ። ነገር ግን የሲቪሉ ምልክት ከመጀመሪያውም በንድፉ ውስጥ ነበር። ሬገን የሰጡት ቃል ነው። ደግሞም ለሲቪሉ ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ያ የቆመው በክሊንተን ትእዛዝ፣ በሜይ 2000 መጀመሪያ ነው። አንድ ሌሊት አድሮ በዓለም ያለ ሪሲቨር ሁሉ ጎበዘ። ያን ጊዜ ግን የትም አገር ያለ ሰው "የከፈቱት ሰዎች መልሰው ቢዘጉትስ?" ብሎ መጠየቁ አልቀረም። ጋሊሊዮም ቤይዱም የተወለዱት ከዚህ ስጋት ነው።

አሁን ወደ ጉልላት የምሽት ጥያቄ ልምጣ፤ ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ነው። ሳተላይቱም ሪሲቨርህም ደህና ናቸው። ችግሩ መሐላቸው ያለው አዮኖስፌር ነው። ፀሐይ የላይኛውን አየር ትመታውና በኤሌክትሪክ የተሞላ ንጣፍ ይሆናል። ምልክቱ ሲያልፍበት ይዘገያል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በእኛው አገር ላይ ነው። በዚህ መስመር ዙሪያ ፀሐይ ስትጠልቅ ንጣፉ ጸጥ ብሎ አይተኛም። ከሥር እንደ ፈላ ሽሮ አረፋ እየተነሳ ወደ ላይ ይወጣል። ምልክቱ በአረፋው ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ሪሲቨሩ የማዕበሉን ቆጠራ ይስታል። ፊክስህ የሚጠፋው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ግድም ነው። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይብሳል። ፀሐይ ራሷ በምትነቃበት ዘመን ደግሞ በጣም ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማታ አትለካ።

ጉልላት_ቀያሽ፦
የሽሮዋ ነገር ገብታኛለች። እኔ ባትሪው ነው ብዬ ሁለት ባትሪ አስቀይሬ ነበር። ሼም ነው።

ግን ይህን አረፋ አውሮፓና አሜሪካ ያሉት ሠሪዎች ያውቁታል? ወይስ የእነሱን ሰማይ ብቻ ነው የሚያስቡት?

ፊዚክስ_ባሕርዳር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂፒኤስ የአዮኖስፌርን መዘግየት የሚያርምበት የራሱ ቀመር አለው፤ ስሕተቱን በግምት ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጋሊሊዮ ሌላ መረጠ፤ ኔክዊክ የሚባል ሞዴል ነው። የተሠራው ጣሊያን ትሪየስቴ ባለው፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም ባቋቋሙት ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከልና በኦስትሪያው ግራዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነው። ማዕከሉ የተመሠረተው ለታዳጊ አገር ሳይንቲስት ታስቦ ስለሆነ ከአፍሪካ፣ ከእኛም አገር ጭምር፣ ብዙ ሰው እዚያ ሠልጥኗል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጂኦፊዚክስ ግቢ ውስጥ አንድ ቋሚ ሪሲቨር አለ። በዓለም የልኬት መረብ ውስጥ ስሙ "አዲስ" ነው። መረቡ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ተቋማት በፈቃዳቸው ጣቢያቸውን አስገብተው መረጃውን ለሁሉም በነፃ ይለቁታል። ማንም ማንንም አያዝም። የዓለም የቦታ መለኪያ ማዕቀፍ የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች ነው። የአራቱም ሥርዓቶች ካርታ በሴንቲሜትሮች ልዩነት የሚገጥመው ሁሉም ራሱን ከዚህ ማዕቀፍ ጋር ስለሚያመሳስል ነው። በ2005 አፋር ላይ ዳባሁ አጠገብ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስትሰነጠቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንቅስቃሴ የተከታተሉትም በሳተላይት ምስልና በእንዲህ ዓይነት ሪሲቨሮች ነው።

ለወሬ ያህል አንዲት ልጨምር። አራቱም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ጂፒኤስ ከ1980 ወዲህ በዓለም ሰዓት ላይ የተጨመሩትን ሰከንዶች አይቆጥርም፤ ስለዚህ ከዓለም ሰዓት 18 ሰከንድ ይቀድማል። ቤይዱ ቆጠራውን የጀመረው በ2006 ስለሆነ ከጂፒኤስ በ14 ሰከንድ ይዘገያል። ግሎናስ ግን የሚሄደው በሞስኮ ሰዓት ነው። የሞስኮ ሰዓት ማለት ደግሞ የእኛው የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። የሩሲያ ሳተላይት ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ያነባል፤ የቀረው ከጠዋት 12 መቁጠር ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዓቶች በአንድ ናኖሰከንድ ቢለያዩ 30 ሴንቲሜትር ስሕተት ነው። ስለዚህ ጋሊሊዮ ከጂፒኤስ ጋር ያለውን የሰዓት ልዩነት ራሱ በምልክቱ ውስጥ ይናገራል። ሪሲቨርህ ያን ማመን ካልፈለገ አንድ ትርፍ ሳተላይት ተጠቅሞ ልዩነቱን ራሱ ያሰላል።

የሃይፋ_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ከእስራኤል ነኝ። ሁላችሁም ስለ መስማማት እያወራችሁ ነው፤ የመስማማቱን ጣጣ እኔ ልንገራችሁ። በ2024 እዚህ ሰሜን ላይ ለወራት ስልኬ "ቤይሩት ኤርፖርት ነህ" ይለኝ ነበር። ታክሲ ስጠራ መነሻዬ ቤይሩት ነው። የአየር ሁኔታውም የቤይሩት ነው። እናቴ ስልኬ ላይ ያለሁበትን ቦታ አይታ "ልጄ ማን ወሰደህ?" ብላ ደወለችልኝ።

ጂፒኤስን ሲያዛቡ ጋሊሊዮም ቤይዱም አብሮ የሚሄደው ለምንድን ነው? አራት አለን ስንል አንዱ ማዳን አልነበረበትም?

ማርታ_ዘሙኒክ፦
ወንድሜ፣ ያላችሁበትን ሳስበው ያሳዝነኛል። ነጥቡን ግን አንተ ነህ ያገኘኸው። ሁሉም በአንድ ሰፈር ቤት ስለሠራ አንድ አዋኪ ሁሉንም ይረብሻል። ምልክቱ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ ቅርብ ያለ ትንሽ ማሰራጫ ይውጠዋል። በአንድ ድግግሞሽ መስማማቱ ርካሽ ስልክ ሰጠን፣ በዚያው ልክ ደግሞ ለጥቃት አጋለጠን። አሁን ብዙ ስልክ ሁለተኛ ድግግሞሽም ይሰማል፤ ትንሽ ይረዳል። ጋሊሊዮ ደግሞ ክፍት ምልክቱ ላይ ማኅተም የመሰለ ነገር ጨምሯል፤ ሪሲቨሩ ማኅተሙን አይቶ "ይህ ከእውነተኛው ሳተላይት ነው" ማለት ይችላል። በ2025 በይፋ ሥራ ጀመረ። ማኅተሙ ውሸትን ይለያል እንጂ ጩኸትን አያስቆምም።

ነገረ_ፈላጊ፦
የሚያስቆም አካልስ የለም? መንግሥታቱ የሚሰበሰቡበት?

ማርታ_ዘሙኒክ፦
አለ። ከ2005 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኮሚቴ አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ቪየና ነው። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ አውሮፓ፣ ሕንድና ጃፓን ይቀመጡበታል። በየዓመቱ ይገናኛሉ። ግን ተወያይተው ይመክራሉ እንጂ አያስገድዱም። ትብብሩ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ደግሞ 2022ን እይ። ጋሊሊዮ ብዙ ሳተላይቶቹን በሩሲያ ሶዩዝ ከፈረንሳይ ጉያና ያመጥቅ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ሩሲያ ሰዎቿን ይዛ ወጣች። አውሮፓ ሮኬት አጣች። በ2024 የጋሊሊዮ ሳተላይቶች በአሜሪካው ፋልከን 9 ወጡ። ያቺው በ2001 የተቆጣችው አሜሪካ።

ጋሽ_ተድላ፦
ልጆቼ፣ እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ ቀያሽ ነኝ። ጨዋታችሁን ከመጀመሪያው አነበብሁ። ጉልላት፣ አንድ ነገር ሳልነግርህ ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። የምትሠራው በአሮጌው 1፡50,000 ካርታ ላይ ከሆነ ተጠንቀቅ። ያ ካርታ የቆመው አዲንዳን በሚባል መነሻ ላይ ነው። አዲንዳን ሱዳን ከግብፅ ጋር በምትዋሰንበት ኑቢያ ያለ ቦታ ነው። ልኬቱ ከዚያ ተነስቶ፣ በአባይ ጥናት ጊዜ ከአሜሪካኖች ጋር፣ ከተራራ ተራራ እየዘለለ ነው አገራችን የገባው። የሳተላይቱ ቁጥርና የካርታው ቁጥር ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያል። ሳይቀይር ያስገባ ልጅ የሰው ማሳ ወንዝ ውስጥ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ።

ጉልላት_ቀያሽ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መቀየሩን እናውቃለን፤ ግን ከየት እንደመጣ የነገረን ሰው አልነበረም። እርስዎ በእነዚያ ተራሮች ላይ ሠርተዋል?

ጋሽ_ተድላ፦
አሜሪካኖቹ ከሄዱ በኋላ ነው የገባሁት። ግን ነጥቦቹን መልሰን እንለካ ነበር። ቴዎዶላይቱን (የማዕዘን መለኪያውን) በበቅሎ ጭነን ሁለት ቀን ሽቅብ እንወጣለን። ከላይ ደርሰን ጉም ይወርድና አራት ቀን እንቀመጣለን። ማዶ ያለው ጓዳችን በመስታወት ብልጭ ሲያደርግልን እንደ ሠርግ ነበር የምንደሰተው። አንድ ነጥብ ለመያዝ አንድ ሳምንት። አሁን አንተ ባሕር ዛፍ ጥግ ቆመህ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?

ጉልላት_ቀያሽ፦
ቤዙ (ቋሚው ጣቢያ) ቅርብ ከሆነ ደቂቃም አይሞላም፣ ጋሼ። ለመናገርም አፈርኩ።

ሸገር_ሹፌር፦
ጋሼ፣ በቅሎዋስ መንገዱን ትስት ነበር?

ጋሽ_ተድላ፦
በቅሎ አትስትም። ሰው ነው የሚስት።

ጉልላት፣ ካለህበት ብዙ የማይርቅ አንድ ጉብታ ላይ ከአሮጌዎቹ ነጥቦች አንዱ አለ። ቦታውን በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። አዲሱን መሣሪያህን ተክለህ ለካልኝና በፊት ከያዝነው ቁጥር ጋር አስተያየው።

ጉልላት_ቀያሽ፦
ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ማታ አልሄድም፤ የሽሮዋን ትምህርት ተምሬያለሁ።

ጋሽ_ተድላ፦
ድንጋዩ ላይ ክብ የነሐስ ምልክት አለች። ካለች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከሌለችም ንገረኝ፤ ማን እንደነቀላት እኔ ሳልገምት አልቀርም።